ስለ «ማጥፋት»፣ «መደምሰስ»፣ «ማውደም» እና መሰሎቻቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድን ነገር ፈጽሞ ማስወገድን የሚገልጹ የአማርኛ ቃላትን በተመለከተ ከጸሐፊዎች፣ ከተማሪዎችና ከተርጓሚዎች ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል፤ ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ፈጽሞ ማስወገድን የሚገልጸው መሠረታዊ ቃል የትኛው ነው?

«ማጥፋት» ነው። የሚጠፋው ነገር መብራት፣ እሳት፣ ጽሑፍ፣ ገንዘብ፣ አረም፣ ሕይወት ወይም አገር ቢሆን ይህ አንድ ቃል ሁሉንም ይሸከማል፤ መምህሩ «ሰሌዳውን አጥፋ» ይላል፣ እናት «መብራቱን አጥፉና ተኙ» ትላለች፣ የኖኅ ዘመን ጎርፍም «የጥፋት ውኃ» ይባላል። ቃሉ ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ የጥፋቱን መጠን ግን አይናገርም። የጠፋ መብራት ነገ ይበራል፤ በጥፋት ውኃ የጠፋው ግን አልተመለሰም።

መጠኑን መናገር የፈለገ ሰው «ፈጽሞ»፣ «ጨርሶ»፣ «ከሥር መሠረቱ» ወይም «እስከ ወዲያኛው» የሚሉትን ይጨምራል፤ ወይም ደግሞ መጠኑን በራሱ ውስጥ የያዘ ግሥ ይመርጣል። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። በእርማት ሥራ ላይ ሳለሁ በብዛት ከምሰርዛቸው ቃላት አንዱ «ሙሉ በሙሉ» ነው፤ «ሙሉ በሙሉ ተደመሰሰ» ያለ ጸሐፊ ግሡ ብቻውን የተናገረውን ደግሞ መናገሩ ነውና።

«ጠፋ» እና «አጠፋ» የሚለያዩት በምንድን ነው?

«ጠፋ» ያለ አድራጊ የሚሆን ነገር ነው፤ «አጠፋ» አድራጊ አለው። «ስልኬ ጠፋ» ሲባል ስልኩ ተሰርቆ ወይም ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪው አልቆ ሊሆንም ይችላል፤ «ስልኬን አጠፋሁ» ሲባል ግን ሰውየው ሆነ ብሎ ዘግቶታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሰለፈ «አጥፍቶ ጠፊ» የሚል ስያሜም አለን፤ ሌሎችን ለመግደል ሲል ራሱን የሚያፈነዳውን ሰው በሁለት ቃል ይገልጸዋል።

ልብ መባል ያለባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው «አጠፋ» ያለ ተሳቢ ሲነገር በደልን የሚያመለክት መሆኑ ነው፤ «አጥፍቻለሁ» ያለ ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ነው፣ «አጥፍቼዋለሁ» ያለ ሰው ግን ምናልባት ምድጃውን መዝጋቱን እየተናገረ ነው። «ጥፋት» እና «ጥፋተኛ» የሚሉት ቃላትም ከፍርድ ቤት እስከ ሰፈር ሽምግልና ድረስ የሚያገለግሉት በዚሁ ፍቺ ነው። ሁለተኛው «ተጠፋፋ» ነው። ሁለት ጓደኛሞች «ተጠፋፋን እኮ!» ሲባባሉ ናፍቆታቸውን እየተለዋወጡ ሲሆን፣ ሁለት ወገኖች «እርስ በርስ ተጠፋፉ» ከተባለ ግን አንዱ ሌላውን አጥፍቷል።

«መሰረዝ»፣ «መፋቅ» እና «መደምሰስ» አንድ ናቸው?

አይደሉም። የሚለያዩትም በጭካኔያቸው መጠን ሳይሆን ከድርጊቱ በኋላ በሚቀረው ነገር ነው፤ ስለዚህ ቃል መምረጥ የከበደው ጸሐፊ «ምን ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙው ይቃለልለታል። የተሰረዘ ቃል በላዩ መስመር ተሰምሮበታል እንጂ አልጠፋም፤ ይነበባል። በረራ፣ ቀጠሮ፣ ስብሰባና ምዝገባ የሚሰረዙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነገሩ እንደማይሆን ተነገረ እንጂ ታስቦ እንደነበር መዝገቡ ይመሰክራል።

«መፋቅ» ገጹን ልጦ ማንሣት ነው። የጥንት ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ቀለሙን በስለት ፍቆ በቦታው ይጽፋል፤ የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም የገባበትን መጽሐፍም በየገዳማቱና በየአድባራቱ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ያየ ሰው የተፋቀው ቦታ ከአካባቢው ይልቅ ሻካራና ሳሳ ያለ መሆኑን፣ አንዳንዴም የቀለሙ ጥላ አሁንም እንዳልለቀቀ ያስተውላል። እንግዲህ ፍቀት ጠባሳ ይተዋል ማለት ነው። የጥርስ መፋቂያም ከዚሁ ግሥ የመጣ ነው፤ የሞባይል ካርድ ሲፋቅ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ የሚጠፋው ሽፋኑ ሆኖ የተደበቀው ቁጥር ብቅ ይላል። እግረ መንገዴን፣ ተማሪ ስሕተቱን የሚፍቅበት «ላጲስ» በጣሊያንኛ እርሳስ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚጽፈው ስም ለሚያጠፋው ተሰጥቶ ቀረ።

«መደምሰስ» ምንም ሳይቀር ሲቀር ነው። በመዝሙረ ዳዊት «እንደ ምሕረትህም ብዛት መተላለፌን ደምስስ» የሚለው ጸሎት የሚለምነው ኃጢአቱ በላዩ መስመር እንዲሰመርበት አይደለም፤ እንዳልተጻፈ እንዲሆን ነው። ወደ ቆላስይስ ሰዎች በተላከው መልእክት የዕዳው ጽሕፈት ተደመሰሰ የተባለውም እንዲሁ ነው። ዛሬ ቃሉን የምንሰማው ይበልጡን ከጦርነት ጋር ስለሆነ መነሻው ጽሑፍና መዝገብ መሆኑ ይረሳል።

«ስርዝ ድልዝ የሌለበት» ሲባል ሁለቱ ቃላት ምን ልዩነት አላቸው?

«ስርዝ» የተሰመረበት ነው። «ድልዝ» ደግሞ በነበረው ጽሑፍ ላይ ሌላ የተጻፈበት፣ ወይም የፊተኛው እንዳይለይ ሆኖ የተበላሸበት ነው። በጨረታ ማስታወቂያና በውል ሰነድ ሁለቱ ተጣምረው የሚጠሩት አንባቢውን በተለያየ መንገድ ስለሚያጠራጥሩ ነው፤ ስርዝ ከሥሩ የነበረውን ያሳያል፣ ድልዝ ግን ይደብቃል።

ልዩነቱን ያስተማረችኝ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ውስጥ የነበረች ሠራተኛ ናት። የሞላሁት ቅጽ ላይ «7» ጽፌ ወዲያው «9» ለማድረግ ደራርቤበት ነበር፤ እርሷም ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ይህ እኮ ድልዝ ነው» አለችኝ። ሰርዤው ከጎኑ ትክክለኛውን ጽፌ ፈርሜበት ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። አዲስ ቅጽ ለመግዛት እንደገና ተሰለፍሁ።

«ወደመ» ለሰው ይነገራል?

አይነገርም። የሚወድመው ንብረት፣ ሕንፃ፣ ሰብል፣ መንገድ ወይም ከተማ ነው። «በአደጋው ሰዎች ሞቱ፣ ንብረት ወደመ» የሚለው የዜና አቀራረብ ትክክል ሲሆን፣ «ሕዝቡ ወደመ» የሚለው ጆሮን ይቆረቁራል። ውድመት ከኋላው ፍርስራሽ ወይም አመድ የሚተው በመሆኑም «በከፊል ወደመ» ማለት ይቻላል፤ «በከፊል ተደመሰሰ» ግን አስቸጋሪ ነው። እሳት ምንም ያላስቀረለት ቤት «ዶግ አመድ ሆነ» ይባላል።

ከ«ወደመ» ጋር የሚምታቱ ጥቂት ቃላት አሉ። «ፈረሰ» ጥፋትን የግድ አያመለክትም፤ ቤት በፈቃድና በሥርዓት ሊፈርስ ይችላል። «ወና ሆነ» ሲባል ቤቱ ቆሟል፤ የጠፋው ነዋሪው ነው። «ጠፍ» ደግሞ ሰው ያጣ ነገር ነው፤ አራሽ ያጣው መሬት «ጠፍ መሬት»፣ ባለቤቱ ያልታወቀው ከብት «ጠፍ ከብት» ይባላል።

ለሰው እልቂት የትኞቹ ግሦች ይስማማሉ?

«አለቀ»፣ «ፈጀ» እና «ጨረሰ» ናቸው። ሦስቱም በየዕለቱ በሰላም ጊዜ የምንገለገልባቸው ቃላት መሆናቸው አስገራሚ ነው። ዳቦ ያልቃል፣ ሰዓት ያልቃል፣ ወገንም ያልቃል፤ «እልቂት» የተገኘው ከዚሁ ነው። ሥራ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ በርበሬ አፍ ይፈጃል፣ ወረርሽኝም ሕዝብ ይፈጃል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ፈጀው እንጂ «ደመሰሰው» ሲባል አይሰማም፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር የሚታጠነውም የዚያ ፍጅት ትዝታ ሆኖ ነው።

እነዚህ ግሦች ጥፋቱን ቀስ በቀስ የሚያልቅ ስንቅ አስመስለው ስለሚያሳዩ ለረኃብና ለበሽታ በእጅጉ ይስማማሉ። ጥፋቱ የእርስ በርስ ሲሆን «ተላለቁ» ወይም «ተፋጁ» ይባላል። «አለቀለት» ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው ገና አለ፣ ተስፋው ነው ያለቀው።

«ድምጥማጡ ጠፋ»፣ «ድራሹ ጠፋ» እና «ደብዛው ጠፋ» ይለያያሉ?

አዎን፣ በጣም ይለያያሉ፤ ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ ሰው ያስቀይማል። «ድምጥማጥ» ብቻውን ቆሞ የማይነገር፣ «ጠፋ» እና «አጠፋ» ከሚሉት ግሦች ሌላ ጓደኛ የሌለው ቃል ነው፤ ነገሩ ራሱ ከነቅሪቱ መጥፋቱን ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያጠፋው አካል አለ። «በረዶው የስንዴውን ድምጥማጥ አጠፋው» ቢባል ገበሬው የሚያጭደው እንደሌለ ይገባናል።

«ደብዛ» አሻራ፣ ምልክት ነው። ደብዛው የጠፋ ሰው በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ የጠፋው ወሬውና ዱካው ነው። «የውኃ ሽታ ሆነ» የሚለው አነጋገርም ለዚሁ ያገለግላል፣ ነገር ግን ትንሽ ወቀሳ አለበት፤ ገንዘብ ተበድሮ የተሰወረ ሰው እንጂ ታፍኖ የተወሰደ ሰው የውኃ ሽታ ሆነ አይባልም። «ድራሹ ጠፋ» ደግሞ ወደ እርግማን ያዘነበለ ነው፤ «ድራሽህ ይጥፋ»፣ «ዘርህ ይጥፋ»፣ «ስም አጠራርህ ይጥፋ» ከሚሉት ጎራ ስለሆነ ለአፋልጉኝ ማስታወቂያ ፈጽሞ አይገባም። ቤተ ሰቡ ልጁን እየፈለገ «ድራሹ የጠፋው ወጣት» ብሎ የጻፈ ሰው ተስፋቸውን ቆርጦባቸዋል።

«ጥርግ»፣ «ሙልጭ»፣ «ጭልጥ»፣ «እልም» የሚሉትን በጽሑፍ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ ቦታቸውን ካወቁላቸው አማርኛ ካሉት ሀብቶች እጅግ የሚያስደስቱት እነዚህ ናቸው። «አለ» ወይም «አደረገ» ከሚሉት ግሦች ጋር ተጣምረው የሚነገሩ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የጥፋቱን መልክ ለዓይን ያሳያሉ። አንድ ትሪ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን እናስብ። መሐሉ ላይ የፈሰሰው ወጥ ሲያልቅ እጅ ሁሉ ከሥር ወደ ተነጠፈው፣ ወጡ ወደ ራሰው እንጀራ ይዞራል፤ እርሱም ተበልቶ የተጨረሰ እንደሆነ «ጥርግ አደረጉት» እንላለን። ከዚያም በኋላ አንዱ በጣቱ የተረፈውን ቅባት አብሶ ትሪው ካበራ «ሙልጭ» ሆነ። የጠላው ዋንጫ በአንድ ትንፋሽ ሲጠጣ «ጭልጥ» ይላል። መሬት ላይ የፈሰሰ እህል ፍሬ በፍሬ ሲነሣ «ልቅም» ይደረጋል።

ከማዕድ ውጭም ይሠራሉ። ሌባ ቤትን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል፤ የተቆጣ ሰው ሌላውን ሙልጭ አድርጎ ይሰድባል፣ ማለትም አንድም ክብር ሳያስቀርለት። መብራት «ድርግም» ይላል፣ ምንጭ «ምጥጥ» ይላል፣ ደመወዝ እንደ ጢስ «ብን» ይላል፣ ዓይን እያየው የተሰወረ ሰው «እልም» ይላል። «ብን» ያለው ደመወዝ ጥቂት በጥቂት የሄደ ሲሆን «እልም» ያለው ግን በአንድ ጊዜ ነው፤ ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም።

በልብ ወለድ፣ በደብዳቤና በመጣጥፍ ያለ ሐሳብ ይጻፉ። በኦዲት ሪፖርት ላይ «የመጋዘኑ ንብረት እልም ብሏል» ብሎ መጻፍ ግን ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ አይመከርም።

«ቃሉን አጠፈ» ነው ወይስ «ቃሉን አጠፋ»?

«ቃሉን አጠፈ» ነው። ግሡ ወረቀት ወይም ልብስ ከሚታጠፍበት «ማጠፍ» የመጣ ነው፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበትን ቃል ቀለበሰው ማለት ነው። ሐሳብና ውሳኔም ይታጠፋሉ። «ማጠፍ» እና «ማጥፋት» በጽሑፍ ሲታዩ እጅግ የሚቀራረቡ በመሆናቸው ግን ስሕተቱ በጋዜጣ ርእስ ሳይቀር ይገኛል።

ሲረቡ ልዩነታቸው ይገለጣል። የሚያጥፈው ሰው «አጠፍሁ»፣ «አጥፎ»፣ «ያጥፋል» ሲል፣ የሚያጠፋው «አጠፋሁ»፣ «አጥፍቶ»፣ «ያጠፋል» ይላል። ትእዛዙ «ወረቀቱን እጠፈው» ከሆነ ወረቀቱ ይኖራል፤ «አጥፋው» ከሆነ ግን ደኅና ሁን ማለት ነው። «እጥፍ» የሚለው ቃል የሚያበዛ እንጂ የሚያጠፋ አለመሆኑንም ማስታወስ ይረዳል።

ሕግ፣ ውል፣ ውሳኔና ድርጅት ሲቀሩ ምን ይባላል?

ሕግና የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ይሻራሉ፤ በየዐዋጁ መጨረሻ አካባቢ «የተሻሩ ሕጎች» የሚል አንቀጽ የሚታየው ለዚህ ነው። ውል ይሰረዛል ወይም ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አነጋገር አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም የቀረ እንደሆነ ውሉ ይሰረዛል፤ ውሉ ገና ሲዋዋሉ ፈቃድን የሚያጓድል እንከን የነበረበት ከሆነ ደግሞ ይፈርሳል። ዕዳ ይሰረዛል፣ ማዕረግ ይገፈፋል።

ድርጅት ይፈርሳል፤ ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ስሙ የጠፋ እንደሆነ ግን «ከሰመ» ይባላል። በ2012 ዓ.ም. ከሕወሓት በቀር የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ከስመው ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ይህ ቃል በየዕለቱ ይሰማ ነበር። «መክሰም» የፍም ወይም የአበባ ዓይነት አጠፋፍ ነው፤ የሚመታ የለም፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለቋንቋም ይስማማል። በዓባይ ወንዝ አካባቢ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ከስሟል እንላለን፤ ተናጋሪዎቹ ወደ አማርኛ ዞሩ እንጂ ቋንቋውን በዐዋጅ የደመሰሰው የለም።

በሽታን በተመለከተ «መቆጣጠር»፣ «ማስወገድ» እና «ማጥፋት» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በጤና ሙያ ሦስቱ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። በሽታን መቆጣጠር ጉዳቱን መቀነስ ነው። ማስወገድ ከአንድ አገር ወይም አካባቢ እንዳይገኝ ማድረግ ነው፤ ከጎረቤት ተመልሶ ሊገባ ስለሚችል ጥበቃው አይቋረጥም። ማጥፋት ግን በዓለም ላይ አንድም ቦታ እንዳይቀር ማድረግ ሲሆን፣ እስካሁን በሰው በሽታ ይህ የተባለለት ፈንጣጣ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓለም የጤና ጉባኤ በሽታው መጥፋቱን ያወጀው በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ነው።

ከእንስሳት በሽታ ደግሞ እንዲሁ የጠፋው፣ ገበሬው እንደ ማባበል ይመስላል «ደስታ» ብሎ የሰየመው የከብት በሽታ ነው። በ1880ዎቹ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኃብ ያስከተለው የዚህ በሽታ ፍጅት ነበር፤ በሬ ያለቀበት ገበሬ የሚያርስበት አጣ። ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በወባ ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በ1950ዎቹ የተጀመረው ዘመቻ ዓላማው ማጥፋት ነበር፣ በኋላ ግን ወደ መቆጣጠር ዝቅ ብሏል። አንድ ቃል ሲለወጥ ዕቅዱም በጀቱም አብሮ ተለወጠ።

ይህን ልዩነት ከሕክምና ውጭም መጠበቅ ጥሩ ነው። ስለ ጣና ሐይቅ እንቦጭ ሲጻፍ «በዘመቻው አረሙ ጠፋ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ። ሰዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው የነቀሉትና ወደ ዳር የጎተቱት እውነት ነው፤ ዘሩ ግን ከሐይቁ ሥር ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ «ተነቀለ» ወይም «ተወገደ» ማለት ይበቃል።

በኮምፒውተርና በስልክ ላይ «ሰርዝ» ልበል ወይስ «አጥፋ»?

ይህ ለተርጓሚ እውነተኛ ፈተና ነው። አንድ መስኮት «ፎቶው ይሰረዝ?» ብሎ ጠይቆ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ አዝራሮች «ሰርዝ» እና «አትሰርዝ» ቢሆኑ ግልጽ ነው። ችግሩ ድርጊቱን መተውም በአማርኛ «መሰረዝ» መባሉ ነው፤ ፎቶውን ለማስወገድም፣ ሐሳቡን ለመተውም «ሰርዝ» የሚል አዝራር ከተሰጠ ተጠቃሚው የልጁን ፎቶ በገዛ እጁ ያጠፋል። ስለዚህ ለመተው «ይቅር» የሚለውን፣ ለማስወገድ «አጥፋ» የሚለውን እመርጣለሁ። «አጥፋ» ደግሞ መሣሪያውን ከመዝጋት ጋር እንዳይምታታ፣ ለዚያ «ዝጋ» ማለት ይቻላል።

በንግግር ሰው ሁሉ «ዴሊት አደረግሁት» ይላል፤ በጨዋታ ላይ ማረም አያስፈልግም። ወደ ቆሻሻ ማስቀመጫው የተላከና ሊመለስ የሚችል ፋይል ግን «ተወገደ» እንጂ «እስከ ወዲያኛው ጠፋ» መባል የለበትም።

በጦርነት ዜና «ተደመሰሰ» የሚለውን እንዴት ልጠቀምበት?

በጥንቃቄ፣ ከተናጋሪው ስም ጋር ነው። ቃሉ በተፈጥሮው የድል ኩራት የተሸከመ ነው፤ ወላጆች ለወንድ ልጅ «ደምሴ»፣ «ደምሰው» የሚል ስም የሚያወጡት ጠላትን ያጠፋልናል በሚል ምኞት መሆኑ ይህን ያሳያል። «ድባቅ መታ»ም እንዲሁ የፉከራ ጠረን አለው። ጦር ተመታ፣ አፈገፈገ፣ ተበተነ፣ ተማረከ የሚሉት እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ይናገራሉ፤ «ተደመሰሰ» ግን እንደ ጦር የሚቆጠር ነገር አልቀረም ማለት ነው። በሰኞ ዜና የተደመሰሰ ጦር ሐሙስ ዕለት ከተማ ሲይዝ ኃፍረቱ የጸሐፊው ነው። «ደምስሰነዋል ሲል አስታወቀ» ብሎ ባለቤቱን መጥቀስ ከዚህ ያድናል።

በእግር ኳስ «4 ለ 0 ደመሰሰው» ቢባል የሚጎዳ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ማጋነን ነው።

«ዘር ማጥፋት» እና «ጭፍጨፋ» በአንድ ትርጉም ሊሠራባቸው ይችላል?

አይችልም። «መጨፍጨፍ» መነሻው ዛፍንና ቅርንጫፍን መቁረጥ ነው፤ «የደን ጭፍጨፋ» የምንለውም ከዚያው የቀጠለ ነው። በሰው ላይ ሲነገር መከላከል የማይችሉ ብዙ ሰዎች በአንድነት የተገደሉበትን ድርጊት ይገልጻል፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች በአዲስ አበባ የፈጸሙት የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በዚህ ስም ይታወቃል። ቃሉ የሆነውን ይናገራል እንጂ ስለ ገዳዩ ዓላማ አይፈርድም። ሰዎችን ከአንድ አካባቢ በማንነታቸው ምክንያት ማባረር ደግሞ «ዘር ማጽዳት» ይባላል።

«ዘር ማጥፋት» የሕግ ስም ነው። ስለዚህ ወንጀል የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሁሉ አስቀድማ በሰኔ 1941 ዓ.ም. ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 269 ይህን ወንጀል ይደነግጋሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ከዓለም አቀፉ ስምምነት የሚሰፋበት አንድ ነገርም አለ፤ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ቡድኖች መካከል የፖለቲካ ቡድንን ይጨምራል። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉት፣ በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉት ሰዎች በአብዛኛው የታደኑት በፖለቲካ ወገናቸው ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ ምክንያት ነው።

ከላይ የሰጠሁት «ምን ቀረ?» የሚለው መለኪያ እዚህ ላይ አይሠራም። በሕጉ መሠረት ድርጊቱ ዘር ማጥፋት የሚሆነው ቡድኑን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ታስቦ የተፈጸመ እንደሆነ ነው፤ ብዙ ሰው በሕይወት ቢተርፍም ወንጀሉ ወንጀል ነው፣ ብዙ ሰው ቢሞትም ይህ ሐሳብ ካልተረጋገጠ ስሙ ሌላ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ያየውን ግድያ «ግድያ» ወይም «ጭፍጨፋ» ብሎ በራሱ ቃል መጻፍ ይችላል፤ «ዘር ማጥፋት» ሲል ግን ከሳሹን፣ መርማሪውን ወይም ፍርድ ቤቱን ከቃሉ ጋር አብሮ መጥራት አለበት።